ብሎወሩ አልቀንስ ብሏል፣ ቅዝቃዜው ከ20 ደቂቃ በኋላ ይጠፋል፦ ኮምፒውተሩን ልግዛ?

ጥያቄው፦ መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1991 ኒሳን 300 ዜድ ኤክስ ነው፣ አውቶማቲክ የአየር መቆጣጠሪያ ያለው። ብሎወሩ (አየሩን የሚነፋው ማራገቢያ) አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይነሳም፤ ከዳሽቦርዱ ኪስ ስር በእጄ መታ መታ ሳደርገው ይነሳል። ከተነሳ ደግሞ በሙሉ ኃይሉ ነው፤ ብቀንሰው አይቀንስም። ፊውዙ ሁለት ጊዜ ስለተቃጠለብኝ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ አስገባሁ። ከዚህ ሌላ ማቀዝቀዣው ለ20 ደቂቃ ያህል ደህና ይሠራና ሞቅ ያለ አየር መምጣት ይጀምራል፤ ግማሽ ሰዓት አቁሜው ስመለስ እንደገና ይሠራል። ሪሌ ቀይሬያለሁ፣ ጋዝ ሁለት ጊዜ አስሞልቻለሁ። አሁን የአየር መቆጣጠሪያው ኮምፒውተር ይቀየር ተባልኩ። ልግዛ?

መልስ፦ ለጊዜው አይግዙ። የጻፏቸው ምልክቶች ወደ ሌላ ቦታ ነው የሚያመለክቱት። ሲመታ የሚነሳ ነገር ወይ የሚሽከረከር ነው፣ ወይ የላላ ነው። ፊውዝ የሚያቃጥል ነገር ደግሞ ከልኩ በላይ ከረንት የሚስብ ነው። ሁለቱን አብረው ሲያነቧቸው መጀመሪያ የሚጠረጠረው የብሎወሩ ሞተር ነው። ፍጥነቱ አልቀንስ ማለቱም ያው ሞተር ውሎ አድሮ የፍጥነት ትራንዚስተሩን እንዳቃጠለው ያስጠረጥራል። የ20 ደቂቃው ጉዳይ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ብልሽት ነው። ሁለቱ አንድ መኪና ላይ ስለተገጣጠሙ ብቻ የአንድ ኮምፒውተር ጥፋት መሰሉ።

ከሁሉ በፊት ያንን ከፍ ያለ ፊውዝ አውጥተው በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ የተጻፈውን ልክ ይመልሱ። ፊውዝ የሚጠብቀው ሞተሩን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ሽቦው ያንኑ ያህል ቀጭን ሆኖ ፊውዙ ብቻ ሲያድግ፣ ቀጥሎ የሚቃጠለው በዳሽቦርዱ ውስጥ የታሰረው የሽቦ ጥቅል ነው። እሱን ለመቀየር ደግሞ ዳሽቦርዱ በሙሉ መውጣት አለበት።

ለሥራው የሚያስፈልግዎ ብዙ አይደለም፦ አንድ መልቲሜትር፣ ዲሲ (የባትሪ ዓይነት ከረንት) የሚለካ፣ ሽቦውን ከውጪ አቅፎ የሚያነብ የክላምፕ ሜትር (የቤት መብራት ዓይነት ከረንት ብቻ የሚለካው እዚህ አይረባም)፣ ባለ 21 ዋት የ12 ቮልት አምፖል ከሁለት ሽቦ ጋር፣ መሀሉ ላይ ፊውዝ ያለው ረጅም ሽቦ፣ እና ፊለር ጌጅ የሚባለው የክፍተት መለኪያ። አምፖሉን አይናቁት። ዲጂታል መልቲሜትር በጣም ጥቂት ከረንት ብቻ ስለሚስብ ከ40 ክር ውስጥ 39ኙ በተበጠሰ ሽቦ ላይ እንኳ ሙሉ 12 ቮልት ያሳይዎታል፤ በኦም ሲለኩትም ዜሮ ይላል። አምፖሉ ግን ወደ 1.75 አምፔር ስለሚስብ እንዲህ ያለው ሽቦ ላይ ሊደበዝዝ ይችላል። በአሮጌ መኪና ኤሌክትሪክ ላይ ሰው ከሚሳሳተው ግማሹ የሚመጣው ጭነት በሌለበት ከመለካት ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። መኪናው ኤርባግ ያለው ከሆነ ዳሽቦርዱ ውስጥ እጅ ከማስገባትዎ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቅለው ቢያንስ 10 ደቂቃ ይቆዩ። ቢጫ ሶኬት ያላቸውን ሽቦዎች በአምፖልም ሆነ በኦም ሜትር አይንኩ።

መኪናው ራሱ የሚናገረውን ያዳምጡ

የዚያ ዘመን የኒሳን አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ ያለ ምንም መሣሪያ ራሱን ይፈትሻል፤ ይህን ሳያደርጉ ኮምፒውተር ይቀየር ማለት ትክክል አይደለም። የመኪናውን ሞተር ያስነሱና በ10 ሰከንድ ውስጥ የአየር መቆጣጠሪያውን ማጥፊያ ቁልፍ ተጭነው 5 ሰከንድ ይያዙት። መጀመሪያ የማሳያው መብራቶች በሙሉ ይበራሉ፤ ያልበራ ካለ የማሳያው ችግር ነው። በሙቀት መጨመሪያው ቁልፍ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ይሻገራሉ።

ሁለተኛው ደረጃ ሴንሰሮችን ያያል። 20 ካለ ሁሉም ደህና ነው። 21 የውጪ ሙቀት ሴንሰር ነው፣ 22 የውስጥ ሙቀት ሴንሰር፣ 25 የፀሐይ ብርሃን ሴንሰር። ጋራዥ ውስጥ ወይም በማታ ካደረጉት 25 ይመጣል፤ ብርሃን ስለሌለ ነው እንጂ ሴንሰሩ ስለተበላሸ አይደለም። ወደ ፀሐይ አውጥተው ይድገሙት። በዚህ ቁጥር ምክንያት ደህና ሴንሰር የሚቀይር ሰው ሞልቷል።

አራተኛው ደረጃ ለእርስዎ ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል። እዚያ የፊት መስታወቱን ጭጋግ የሚያጠራውን ቁልፍ በተጫኑ ቁጥር ከ41 እስከ 46 ይሄዳል፤ በእያንዳንዱ ላይ ኮምፒውተሩ የታወቀ ትእዛዝ ይሰጣል። 41 ላይ ነፋሱ ወደ ፊትዎ፣ አየሩ ሙሉ ቀዝቃዛ፣ ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን የሚገፋው ፓምፕ) የተያያዘ፣ ብሎወሩም ዝቅተኛ ሆኖ ሞተሩ ከ4 እስከ 5 ቮልት ብቻ ማግኘት አለበት። 46 ላይ ነፋሱ ወደ መስታወት፣ አየሩ ሙቅ፣ ብሎወሩ ከፍተኛ ይሆናል። ማለትም 41 ላይ አቁመው ሲለኩ ኮምፒውተሩ ምን እያዘዘ እንደሆነ አስቀድመው ያውቃሉ። አምስተኛው ደረጃ ሴንሰሮቹ የሚያነቡትን ሙቀት በቁጥር ያሳያል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ብሎወሩ

ወረዳው ቀላል ነው። ፖዘቲቩ ከባትሪ በፊውዝና በሪሌ አልፎ ወደ ሞተሩ ይመጣል። ከሞተሩ የሚወጣው ኔጋቲቭ በፍጥነት ትራንዚስተሩ በኩል ወደ ማሳ (ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የተገናኘው የመኪናው ብረት አካል) ይወርዳል። ኮምፒውተሩ በቀጭን ሽቦ ለትራንዚስተሩ ትንሽ ቮልቴጅ ይልካል፤ ያ ከፍ ሲል ብሎወሩ ይፈጥናል፣ ዝቅ ሲል ይዘገያል። ትራንዚስተሩ ክንፍ ክንፍ ያለው አሉሚኒየም ላይ ተጣብቆ በነፋሱ መንገድ ላይ የተቀመጠው ብሎወሩ እንዲያቀዘቅዘው ነው። ብሎወሩም ትራንዚስተሩም ከተሳፋሪው ወገን ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ ናቸው። እርስዎ የሚመቱት እነሱን ነው።

ብሎወሩ እንቢ ባለበት ቅጽበት ይለኩ። እየሠራ ሳለ የተለካ ነገር የሚነግርዎ የለም። ስለዚህ አልነሳም ባለበት ቀን አይምቱት፤ የኪሱን ሳጥን አውጥተው መልቲሜትሩን ያዘጋጁ። የሞተሩን ሁለት ሽቦዎች ሶኬቱ እንደተሰካ ከጀርባው በኩል በየተራ ከማሳ ጋር ይለኩ። ፖዘቲቩ ላይ ምንም ከሌለ ጥፋቱ ወደ ኋላ ነው፦ ሪሌ፣ ፊውዝ ወይም ሶኬት። ፖዘቲቩም ኔጋቲቩም 12 ቮልት ካሳዩ ሞተሩ ከረንት ያሳልፋል፣ ወደ ማሳ የሚወስደው መንገድ ግን ተዘግቷል፤ ትራንዚስተሩ ተቆርጧል ወይም የእሱ ማሳ ጠፍቷል። ፖዘቲቩ 12 ሆኖ ኔጋቲቩ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ግን ሙሉ ቮልቴጁ ሞተሩ ላይ አርፎ ሞተሩ አልዞር ብሏል ማለት ነው። በእርስዎ ምልክት የምጠብቀው ይህንን ሦስተኛውን ነው።

እሱ ከሆነ ክላምፕ ሜትሩን በአንዱ ሽቦ ላይ ያድርጉ። ዜሮ አምፔር ካነበበ ካርቦኖቹ (ወደሚዞረው ክፍል ከረንት የሚያደርሱት) አልቀው ኮሙታተሩን (እነሱ የሚነኩትን የመዳብ ቀለበት) አይነኩም። 25 አምፔርና ከዚያ በላይ ከሆነ ሞተሩ ተይዟል፤ ቶሎ ያጥፉት። ፊውዝዎ የተቃጠለው በዚህኛው ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ደረቅ ቡሽ (ዘንጉ የሚዞርበት የነሐስ ቀለበት) ያለው ሞተር ሲነሳ አንዴ ይያዛል፣ አንዴ ይለቅቃል፣ መታ ሲያደርጉት ይላቀቃል።

አልቀንስ ማለቱን ለመለየት በራስ ፍተሻው 41 ላይ ያቁሙትና የሞተሩን ኔጋቲቭ ከማሳ ጋር ይለኩ። ደህና ትራንዚስተር 13.5 ቮልት ባለው መኪና ላይ ሞተሩ 4.5 ወስዶ ቀሪው 9 ቮልት ገደማ እዚያ እንዲነበብ ያደርጋል። ከ1 ቮልት በታች ካነበቡ ትራንዚስተሩ ወይ ተገናኝቶ ቀርቷል፣ ወይ ኮምፒውተሩ ሙሉ ፍጥነት እያዘዘው ነው። እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ከኮምፒውተሩ የሚመጣውን ቀጭን ሽቦ ከሶኬቱ ያውጡት። ብሎወሩ መንፈሱን ከቀጠለ ትራንዚስተሩ ውስጡ ተጣብቋል። ከቆመ ትእዛዙ ከላይ ነበር የሚመጣው፤ ያኔ ብቻ ነው ስለ ኮምፒውተሩ የምንነጋገረው። የትራንዚስተሩ ሶኬት በሙሉ ተነቅሎም ብሎወሩ ከነፈሰ ደግሞ ኔጋቲቩ ሌላ ቦታ ላይ ከማሳ ጋር እየነካካ ነው፣ ወይም ለከፍተኛ ፍጥነት የተለየ ሪሌ ተጣብቋል።

ትራንዚስተሩ ለምን እንደተቃጠለ ካልገባዎ አዲሱም ይቃጠላል። ብዙዎች ትራንዚስተር በሙሉ ፍጥነት የሚጋል ይመስላቸዋል፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በሙሉ ፍጥነት እሱ ላይ የሚቀረው ግማሽ ቮልት ያህል ነው፤ በ15 አምፔር ሲባዛ 7.5 ዋት። በመካከለኛ ፍጥነት ግን 6 ቮልት ይቀርበታል፤ ደህና ሞተር 8 አምፔር ቢስብ 48 ዋት፣ እንደ ትንሽ ብየዳ ብረት። ቡሹ የደረቀ ሞተር በዚያው ፍጥነት 12 አምፔር ቢስብ 72 ዋት ይሆናል፤ ሞተሩ ስለዘገየም የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ይቀንሳል። ክንፎቹ መሀል ቅጠልና አቧራ ከታጨቀ ደግሞ ጊዜውን ያፋጥነዋል። ሞተሩን ሳይነኩ ትራንዚስተሩን ብቻ መቀየር በየዓመቱ ትራንዚስተር መግዛት ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሞተሩ መጀመሪያ፣ ትራንዚስተሩ ቀጥሎ ነው። ሞተሩን አውጥተው ጎማዋን (ዘንጉ ላይ ያለችውን አየር የምትነፋ ክብ ማራገቢያ) በእጅ ያሽከርክሩ። ከለቀቋት በኋላ ጥቂት ዙር በራሷ መዞር አለባት፤ ወዲያው ቀጥ ካለች ወይም ሲወዘውዟት ዘንጉ ካረገደ ቡሹ አልቋል። ካርቦኑ 5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከደረሰ፣ ወይም ኮሙታተሩ ላይ ጥልቅ ቦይ ከተቆፈረ፣ ሞተሩን ይቀይሩት። ዘንጉ ካላረገደና ደረቅ ብቻ ከሆነ የቡሹ ነሐስ ላይ 2 ወይም 3 ጠብታ ቀጭን የሞተር ዘንግ ዘይት ይበቃዋል። ዝገት መፍቻ ስፕሬይ አይንፉበት፤ ነሐሱ ውስጥ የቀረውን ዘይት አጥቦ ያወጣና ከሁለት ሳምንት በኋላ የባሰ ይጮኻል። ዘይት ያደሱት ሞተር ጊዜ መግዣ ነው፤ ለዓመታት የሚያገለግል ጥገና አድርገው አያስቡት።

ሞተሩን ከቤቱ አውጥተው ጎማዋ ላይ እንዳለች በሙሉ ቮልቴጅ ቢያሽከረክሩት ከረንቱ ከፍ ብሎ ይነበባል። ነፋሱን የሚገድበው ነገር ስለሌለ ብዙ አየር ይገፋል። በዚህ አይደንግጡ፤ ትክክለኛው ንባብ ቤቱ ውስጥ ተገጥሞ የሚወሰደው ነው።

ሶኬቶቹንም ይዩ። ሪሌውን ቀይረዋል፤ ጥሩ፤ ግን ሪሌው የሚሰካበትን ጥርስ አይተውታል? 0.1 ኦም ብቻ ያለበት የላላ ጥርስ በ15 አምፔር 1.5 ቮልት ይበላል፤ ያ 22 ዋት ሙቀት ነው፣ ጥፍር በምታህል ብረት ላይ። ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ የቀለጠ፣ ብረቱ ጠቁሮ ስፕሪንግነቱን ያጣ ጥርስ በማጽዳት አይመለስም፤ ጥርሱንም ከ5 ሳንቲ ሜትር ሽቦው ጋር መቁረጥና በአዲስ መተካት ነው። ለማረጋገጥ ብሎወሩ በሙሉ ፍጥነት እየነፈሰ መልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ፖዘቲቭ ላይ ያድርጉ። እስከ ግማሽ ቮልት ይታለፋል። ከዚያ በላይ ከሆነ አንዱን ጫፍ በፊውዙ፣ ከዚያም በሪሌው መግቢያና መውጫ ላይ እያዛወሩ ቮልቱ የት ላይ እንደሚዘል ይከተሉት። በማሳው ወገን ከ0.2 ቮልት በላይ አይፈቀድም።

የ20 ደቂቃው ቅዝቃዜ

ይህን ከመጀመርዎ በፊት ብሎወሩ ተስተካክሎ መሆን አለበት። ብሎወሩ ሲቆም ኢቫፖሬተሩ (አየሩን የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር መሰል ክፍል) በረዶ ይይዛል፣ የበረዶ መከላከያውም ኮምፕሬሰሩን ያላቅቀዋል፤ ሁለቱ ብልሽቶች እየተደራረቡ ያምታቱዎታል።

ሲቀዘቅዝ የሚሠራ፣ ሲሞቅ የሚያቋርጥ፣ ግማሽ ሰዓት ሲያርፍ የሚመለስ ነገር፦ የኮምፕሬሰሩ ማግኔት ክላች (በቺንጋ የሚዞረውን ፑሊ ከኮምፕሬሰሩ ጋር በማግኔት የሚያያይዘው) ዓይነተኛ ምልክት ነው። የክላቹ ጥቅል ሽቦ (ከረንት ሲያገኝ ማግኔት የሚሆነው) በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኦም ነው። 3.6 ኦም እንበል፤ በ13.5 ቮልት 3.75 አምፔር ይስባል። መዳብ በየአንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት ተቃውሞው 0.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጥቅሉ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሲሞቅ ተቃውሞው 4.7 ኦም ይደርሳል፣ ከረንቱም ወደ 2.9 አምፔር ይወርዳል። ከረንቱ በሩብ ገደማ ቀነሰ፤ የማግኔቱ የመሳብ ጉልበት ደግሞ ከዚያም በላይ ቀነሰ ማለት ነው። አዲስ ክላች ይህ ታስቦለት ስለተሠራ አያሳስበውም። በዘመናት የተፈጨ ክላች ላይ ግን በፊት ሳህኑና በፑሊው መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቷል፤ ቀዝቃዛው ማግኔት የሚስበውን ሳህን የሞቀው ማግኔት አይደርስበትም። የዚህ መኪና የሞተር ክፍል እጅ የማያስገባ፣ ሙቀት የሚታመቅበት መሆኑ ደግሞ አይረዳም።

ግምቱን ለማረጋገጥ ከክላቹ ሶኬት ላይ ሁለት ቀጭን ሽቦ በ1 አምፔር ፊውዝ አውጥተው፣ ከቺንጋውና ከጭስ ማውጫው አርቀው፣ ወደ መኪናው ውስጥ ያስገቡና መልቲሜትሩ ላይ ያስሩ። አብሮዎት የሚቀመጥ ሰው ያንብብ። አየሩ መሞቅ ሲጀምር የሚነበበው ቁጥር ጉዳዩን ይቆርጠዋል።

12.5 ቮልትና ከዚያ በላይ እያለ አየሩ ከሞቀ ኤሌክትሪኩ ሥራውን ሠርቷል፤ ጥፋቱ ክላቹ ነው። መኪናውን ያቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ቁልፉን ያውጡ። ክላቹን በፊውዝ ሽቦ ቀጥታ ከባትሪ 12 ቮልት ይስጡትና ሳህኑን በእንጨት ዱላ ወደ ፑሊው ገፋ ያድርጉት። ቀጭ ብሎ ተይዞ ከቀረ፣ ያለ እርዳታ ግን ካልተያዘ፣ ክፍተቱ ነው። ይህንን ሞተሩ እየሠራ በፍጹም አያድርጉት። ክፍተቱን ሲቀዘቅዝ በፊለር ጌጅ ዙሪያውን ሦስት ቦታ ይለኩ። እንደ ኮምፕሬሰሩ ዓይነት ከ0.3 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ነው የሚፈለገው፤ ከ0.8 ካለፈ በሙቀት ላይ አይታመንም። በብዙ ኮምፕሬሰር ላይ ከመሀሉ ብሎን ስር ሳህኑን የሚያርቁ ስስ ሮንዴላዎች አሉ፤ አንዱን ማውጣት ክፍተቱን ይመልሰዋል። ሳህኑን ግን በካቻቢቴ ፈልቅቀው አያውጡት፤ ይጣመማል፣ ከዚያ በኋላ ሦስቱ ልኬቶች አይገናኙም። የሚጎትተው የራሱ መሣሪያ አለ። ሳህኑ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ወይም የፑሊው ኩሽኔታ ከጮኸ ሮንዴላ ማውጣት ከንቱ ድካም ነው፤ ክላቹ ሙሉ ለሙሉ ይቀየር።

ከ9 እስከ 11 ቮልት ከተነበበ መንገድ ላይ የሚበላ ቦታ አለ። ለብሎወሩ እንዳደረጉት ቮልቱ የት እንደሚዘል ይከተሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የክላቹ ሪሌ ነው። የሪሌው ጥርስ ተበልቶ ካገኙ የክላቹን ዳዮድ ይፈትሹ። ጥቅል ሽቦ ሲቋረጥ በተቃራኒ አቅጣጫ ከመቶ ቮልት የሚያልፍ ምት ይመልሳል፤ ዳዮዱ ያንን ያፍነዋል። ዳዮዱ ከሞተ ምቱ በየማቋረጡ የሪሌውን ጥርስ ይገርፋል። ሲለኩት ከጥቅሉ ነጥለው ይለኩ፤ አለበለዚያ የጥቅሉን 3 ኦም ነው የሚያነቡት። በአንድ አቅጣጫ ከ0.5 እስከ 0.7 ቮልት ማሳየት አለበት፣ በሌላው ግን ምንም ማሳየት የለበትም።

ዜሮ ከተነበበ ክላቹን ሆን ብሎ ያላቀቀው አካል አለ፤ እዚህ ላይ ነው ያስሞሉት ጋዝ የሚያሳስበኝ። የግፊት ስዊቹ ከ2 ባር ገደማ በታች ሲሆን ጋዝ አልቋል ብሎ፣ ከ27 ባር ገደማ በላይ ሲሆን ደግሞ ሊፈነዳ ነው ብሎ ያቋርጣል። ሁለት ጊዜ ሳይመዘን የተጨመረ ጋዝ ኮንደንሰሩ (ከፊት ያለው የጋዙ ማቀዝቀዣ) ሲሞቅ ከላይኛው ልክ በቀላሉ ያልፋል፤ በተለይ በዝግታ ሲነዱና ነፋስ ሲያንስ። መኪናው ቆሞ በ25 ዲግሪ 5.5 ባር ገደማ ማንበቡ ጋዙ ልክ ነው ማለት አይደለም። ሲስተሙ ውስጥ ፈሳሽ ጠብታ እስካለ ድረስ፣ ትንሽም ይሁን ብዙ፣ ግፊቱ የሚወሰነው በሙቀቱ ብቻ ነው። ልኩን የሚያውቀው ሚዛን ነው፦ ጋዙ በማሽን ይውጣ፣ ቫኪዩም ይደረግ፣ በቦኔቱ ስር ባለው ወረቀት ላይ በተጻፈው ግራም ልክ ይሞላ። ደግሞ ይህ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ አር 12 ጋዝ ነበር የሚጠቀመው። ወደ አር 134ኤ ተለውጦ ከሆነ የሚሞላው ከዋናው ክብደት ከ80 እስከ 90 በመቶ ነው። በአር 12 ልክ አር 134ኤ መሙላት በራሱ የእርስዎን ምልክት ሊያመጣ ይችላል።

የግፊት ስዊቹን በሽቦ አገናኝቶ መፈተሽ ይቻላል፤ ግን ሲስተሙ ውስጥ ጋዝ እንዳለ በጌጅ አረጋግጠው፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ። የኮምፕሬሰሩ ዘይት የሚዘዋወረው ከጋዙ ጋር ነው፤ ያለ ጋዝ የዞረ ኮምፕሬሰር ራሱን ይበላል፣ ብናኙንም በቧንቧው ሁሉ ይረጫል።

ዜሮ ሆኖ ግፊቱ ደህና ከሆነ ወደ ራስ ፍተሻው አምስተኛ ደረጃ ይመለሱ። ሴንሰሮቹ ሲቀዘቅዙ ተቃውሟቸው የሚጨምር ዓይነት ናቸው። ስለዚህ የተበጠሰ ሽቦ ለኮምፒውተሩ የሚመስለው ከባድ ብርድ ነው። ከፊት ያለው የውጪ ሴንሰር ሽቦ ሲሞቅ ከተለያየ ኮምፒውተሩ ውጪው በረዶ ነው ብሎ ኮምፕሬሰሩን ይከለክላል። አየሩ በሞቀበት ቅጽበት የውጪው ሙቀት በድንገት ወርዶ ካዩ ጥፋተኛው እሱ ነው፤ ሴንሰሩን ሳይቀይሩ ሶኬቱን ያጽዱ፣ ሽቦውን ጎተት ጎተት እያደረጉ ቁጥሩን ይመልከቱ። የውስጡ ሴንሰር ደግሞ የራሱ ተንኮል አለው፤ አየር የሚስብበት ቱቦ ከተነቀለ በዳሽቦርዱ ውስጥ የታፈነውን ሙቅ አየር ነው የሚለካው። ብሎወሩ እየነፈሰ የሴንሰሩ ቀዳዳ ላይ ስስ ሶፍት ያስጠጉ፤ ካልተሳበ ቱቦው ወልቋል።

ኮምፒውተሩ ተጠያቂ የሚሆነው መቼ ነው

41 ላይ ቀጭኑ ሽቦ ተነቅሎ ብሎወሩ ከቆመ፣ ወይም ግፊቱና ሴንሰሮቹ ደህና ሆነው ለክላቹ ሪሌ ትእዛዝ ካልመጣ። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ይክፈቱት። ከ30 ዓመት በላይ የሞቀና የቀዘቀዘ ቦርድ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንዱ የሶኬቱ እግሮች ብየዳ ነው፦ በማጉያ መነጽር ሲያዩት በእግሩ ዙሪያ ቀለበት የመሰለ ጥቁር ስንጥቅ አለ። ሌላው ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ነው፦ ስሩ ረጥቦ፣ የመዳቡ መስመር አረንጓዴ ሆኖ፣ ሲሞቅ የዓሣ ሽታ የመሰለ ጠረን ያወጣል። ለብየዳው በ183 ዲግሪ የሚቀልጠውን 63/37 ሊድ ይጠቀሙ፣ ብረቱን 340 ዲግሪ አካባቢ ያድርጉ፣ አሮጌውን መጥጠው አውጥተው አዲስ ይሙሉበት። በአሮጌው ላይ መደረብ ስንጥቁን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። ካፓሲተር ሲቀይሩ ያንኑ ማይክሮ ፋራድ፣ ቮልቴጁን እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ 105 ዲግሪ የሚችል ይምረጡ፤ የፈሰሰውን ፈሳሽ በአይሶፕሮፒል አልኮል አጥበው ከጨረሱ በኋላ ብቻ ይበይዱ።

ሁሉም ተገጥሞ ሲያልቅ ብሎወሩን በሦስት ፍጥነት፣ ክላቹን አንዴ ቀዝቃዛ ሆኖ አንዴ ከ30 ደቂቃ ጉዞ በኋላ ከረንታቸውን ይለኩና ቁጥሮቹን ከነቀኑ ጽፈው ፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ይለጥፏቸው። የብሎወሩ ቁጥር በሁለት ወይም ሦስት አምፔር ሲያድግ ቡሹ እየደረቀ ነው፤ ትራንዚስተሩ ሳይቃጠል ሞተሩን ያወጡታል።